እጄ የሚያውቀውን መላክ

ሴፕቴምበር 8፣ ሰኞ

ደብተሩን ያመጣችልኝ ሶሊ ናት። «ማሚ፣ ሥራ ቦታ በየቀኑ የምታደርጊውን ጻፊልኝ፣ ለቲሲሴ እፈልገዋለሁ» ብላ ሁለት ደብተር ሰጠችኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፏን ማለቷ ነው። አንዱን እንዳለችው በእንግሊዝኛ እሞላላታለሁ። ይሄኛው ግን የኔ ነው። ልጄ አማርኛ ማንበብ ስለማትችል ጠረጴዛ ላይ ብተወውም አልሰጋም።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ኮሪያዊው አሠሪዬ ሚስተር ቾይ ጠራኝና የጥርስ ላቦራቶሪውን፣ ላቡን፣ በዲሴምበር መጨረሻ እንደሚዘጋው ነገረኝ። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ልጆቹ አንዷ ሐኪም አንዱ ጠበቃ ናቸው፤ የሚረከበው የለም። ብዙው የጥርስ ላብ አሁን በኮምፒዩተር እየጠረበ ነው የሚሠራው። እኛ ጋ የሚመጣው የፊት ጥርስ ብቻ ሆኗል። የፊት ጥርስ ከጎኑ ያለውን እውነተኛውን ጥርስ መምሰል ስላለበት ማሽኑ ገና አልቻለበትም።

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ ተቀምጬ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠርቻለሁ። አልደነገጥኩም። እውነቴን ነው። ቤት ገባሁ፣ ምስር ሠራሁ፣ በላን። ሚናስ «ደህና ነሽ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ» አልኩት። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። አውቶቡስ ነጂ ነው ባለቤቴ፤ የሰው ፊት በመስታወት ማየት ለምዷል።

ዛሬ ሌላም ነገር ነበር። የሚናስ የአጎት ልጅ ዶክተር ኃይለልዑል ከባሕር ዳር ደውሎ ነበር። ክሊኒኩ ጎን የጥርስ ላብ ከፍቷል። ምድጃው ከኛ ጋር አንድ ዓይነት፣ ጥርስ የሚሠራበት የፖርሴሊን ዱቄቱ አንድ ዓይነት፣ መመሪያው መጽሐፍ አንድ ዓይነት። «ሁሉም አለን እትዬ ዕንቁ፣ ጥርሱ ብቻ ነው እምቢ ያለን» አለኝ። እስካሁን የበሽተኛው ልክ በካርቶን ታሽጎ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ከዚያም ውጭ አገር። ፊት ጥርሱ የወለቀበት ሰው ሁለት ወር አፉን ሸፍኖ ይጠብቃል። እንድጽፍለት ጠየቀኝ። እጽፋለሁ አልኩት።

ሴፕቴምበር 10፣ ረቡዕ

በችኮላ። ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ካለችው ደንበኛችን የጥርስ ሐኪም አንድ ጥርስ ተመለሰ። «ትንሽ ቢጫ ሆኗል» ይላል ወረቀቱ። ያሳሳተኝ የላቡ አዲስ አምፑል ነው። ለቾይ ነግሬዋለሁ። ደግሜ ሠራሁት።

ሴፕቴምበር 14፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጭ ብዬ ለባሕር ዳር ጻፍኩ። አሥራ አንድ ገጽ። ዱቄቱ ከፈሳሹ ጋር እንዴት እንደሚለወስ፣ በብሩሽ እንዴት እንደሚደረደር፣ ሲቃጠል ስለሚኮማተር ከልኩ ምን ያህል አስበልጦ መሥራት እንደሚያስፈልግ፣ ምድጃው አፍ ላይ ስንት ደቂቃ መድረቅ እንዳለበት፣ የምድጃው ፓምፕ አየሩን እስከ ስንት ቁጥር መምጠጥ እንዳለበት። ሁሉንም አስገባሁ። ሚናስ መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበውና «ይሄን ይዤማ እኔም እሠራለሁ» አለ። ደስ አለኝ። ጽሑፍ እንደምችል ረስቼው ነበር።

ሴፕቴምበር 20፣ ቅዳሜ

ኃይለልዑል ፎቶ ላከ። ስድስት ጥርስ። ሁለቱ ለሁለት ተሰንጥቀዋል። አራቱ ውስጣቸው ወተት የፈሰሰበት ውኃ ይመስላል፤ ብርሃን አያሳልፉም። «ትንሽ ነው የሚቀረን» ብሎ ጽፏል። ጨዋ ሰው ነው። ትንሽ አይደለም የሚቀራቸው።

ጽሑፉን ደግሜ አነበብኩት። ስህተት የለበትም።

ሴፕቴምበር 24፣ ረቡዕ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ በቪዲዮ ተገናኘን። እነሱ ጋ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ኃይለልዑል ሃይማኖት ከምትባል ልጅ ጋር አስተዋወቀኝ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ኬሚስትሪ ተምራለች፣ የሦስት ወር ኮርስም ወስዳለች። አሥራ አንዱን ገጽ አትማ በፕላስቲክ ሸፍናዋለች። ሳየው ትንሽ አፈርኩ።

«ዱቄቱን ካስቀመጥሽ በኋላ የያዝሽበትን መቆንጠጫ ቀስ አድርገሽ ትመቺዋለሽ» አልኳት። «ውኃው ወደ ላይ ይወጣል። በሶፍት ታነሺዋለሽ። ያኔ ዱቄቱ ይጠብቃል።»

«ስንት ጊዜ ልምታው እትዬ?»

«እስኪበቃው።»

«መብቃቱን በምን አውቃለሁ?»

አሰብኩ። ያሰብኩት ለእሷ የሚሆን መልስ ፍለጋ ነበር፣ ግን ለራሴም አላገኘሁም። «ስትሠሪው ታውቂዋለሽ» አልኳት።

«እርስዎ ያውቁታል። እኔ እኮ ገና ነኝ» አለችኝ፣ በትሕትና።

ባቡሩ ውስጥ ሆኜ ስጽፍ ነው ቾይ ትዝ ያለኝ። እኔ ስመጣ እንግሊዝኛው ከኔም ያነሰ ነበር። ሁለት ዓመት ጎኑ አስቀመጠኝ። ሳበላሽ ጥርሱን ከእጄ ይወስድና ራሱ እየሠራ ያሳየኛል፣ ከዚያ አጥፍቶ እንደገና ይሰጠኛል። አንድም ቀን ስንት ጊዜ መምታት እንዳለብኝ አልነገረኝም። ታዲያ እኔ በአሥራ አንድ ገጽ ምን ልኬ ነው?

ሴፕቴምበር 27፣ ቅዳሜ

ኃይለልዑል ከስምንት ዓመት በፊትም ጠይቆኝ ነበር። እዚህ መጥቶ ስካይላይን ሰፈር ዘመድ ቤት ያረፈ ጊዜ፣ «አንድ ልጅ ልላክና ካንቺ ጋር ትቀመጥ» አለኝ። የምድጃ ካታሎግ ሰጥቼ ሸኘሁት። ቪዛው ከባድ ነው አልኩ። ነውም። ግን ቪዛውን አልሞከርነውም። ሥራውን የማውቅ እኔ ብቻ መሆኔ ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ። በየሠርጉ «ዕንቁ እኮ ጥርስ ነው የምትሠራው» ሲባል።

ልብስ አጥፌ ጨረስኩ። ዓርብ ሶሊ ላቡን ልታይ ትመጣለች።

ኦክቶበር 3፣ ዓርብ

ሶሊ ላቡን ለማየት መጣች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ እናቷ የምትሠራበት ክፍል ስትገባ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። እንዲህ ሆኖ የቆየው በማን ጥፋት እንደሆነ አላውቅም።

ጎኔ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዱቄቱን በብሩሽ አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣ መታሁ፣ በሶፍት አነሳሁ።

«ማሚ፣ ካን ዩ ዱ ኢት አጌይን? ስሎውሊ።»

ቀስ ብዬ ስሠራው ተበላሸ። እጄ ቀስ ማለት አያውቅም።

ስለ ቲሲሷ ጠየቅኳት። እስከ ዛሬ ሲጠይቁኝ «ኢኮኖሚ ነው» ብዬ ነበር የማልፈው። ወንበሯን እያዞረች አስረዳችኝ። ድሃ አገር ሀብታም የሚሆነው ማሽን ስለገዛ አይደለም አለች። ሰዎቹ አንድ ላይ ሆነው መሥራት የሚችሉት ነገር ሲበዛ ነው። ትናንት ጨርቅ ብቻ የሚያውቁ ዛሬ ክር፣ ነገ ቀለም፣ ከነገ ወዲያ የቀለም ማሽን መለዋወጫ ሲያውቁ። ማሽኑን በመርከብ መላክ ይቻላል፣ መጽሐፉን በስልክ። እጅ የሚያውቀው ግን ከሰው ወደ ሰው ነው የሚሄደው፣ ቀስ እያለ፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይሄድም። «ዛት ኢዝ ዋይ ግሮውዝ ኢዝ ስሎው፣ ማሚ።»

«ይሄን ለማወቅ ስድስት ዓመት ተማርሽ?» አልኳት።

ሳቀች። «ማወቅና ፕሩቭ ማድረግ ይለያያል።»

ስትሄድ ጉንጬን ሳመችኝ። እጇ ላይ ነጭ ዱቄት ነበር፣ ሳታየው ሄደች።

ቾይ ጓዳ ሆኖ ከአሌክሳንድሪያዋ የጥርስ ሐኪም ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁ። «እጇ እንደ ድሮው ነው» ይላል። «እጇ አይደለም ችግሩ።» ስለ ሌላ ሰው ይሆናል።

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

አሌክሳንድሪያ ሄጄ ነበር። የፊት ጥርስ ሲሆን ሐኪሟ ስትገጥመው አጠገቧ እንድሆን ትፈልጋለች። በሽተኛዋ ትምህርት ቤት መዝሙር የምታስተምር ሴት ናት፣ ሚስ ግሬስ። ጥርሱ ሲገባላት መስታወቱን ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው። «ጥሩ ነው» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለቻት ሐኪሟ።

«አዎ፣ ጥሩ ነው።»

ዓይን አፋር ሴት ናት።

ስመለስ ትልቁ ድልድይ ላይ መብራቱ አስቸገረኝ። የዘንድሮ መኪና መብራት እንደ ዱሮው አይደለም፣ እያንዳንዱ ዙሪያውን ጨረር አለው። ከቤልትዌዩ፣ ከቀለበት መንገዱ፣ የምወጣበትን አልፌ ሄድኩ። ቤት ስገባ ሚናስ ደጅ ቆሞ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አሌክሳንድሪያ እሱ ያደርሰኛል፤ ዕረፍት ቀኑን ከኔ ጋር ማሳለፍ ያምረዋል አለ። ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ። ደስ አለኝ ግን።

ኦክቶበር 15፣ ረቡዕ

ዛሬ አንድ ነገር ተገኘ። ከሃይማኖት ጋር ስንነጋገር ምስሉ እየተቆራረጠ አስቸገረን። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተኝተሽ ሥሪ አልኳት። ጣሪያው ብቻ ነው የሚታየኝ። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይመጣል። መምታቱን ሰማሁት። ጠጣር ነው፣ በር የምታንኳኳ ይመስላል።

«እሱ በዛ» አልኳት። «ይሄ ድንጋጤ ነው። ዱቄቱ ሲደነግጥ ይበተናል። የኔን ስሚ።»

መቆንጠጫውን ስልኩ አጠገብ ይዤ መታሁላት። ፈጣን፣ ቀላል፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንዳለው። ደገመችው። አይደለም። ደገመችው። አይደለም። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማዳምጠው። አንዴ ድምፁ ወፈር አለና በመሃል ቀጠነ።

«እሱ ነው። ድምፁ ሲቀጥን ውኃው ወጥቷል ማለት ነው። አሁን ሶፍቱን አቅርቢ።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ወረቀቱ ላይ የለም።»

የለም። ሃያ አራት ዓመት በጆሮዬ እየሠራሁ ያወቅኩት ዛሬ ነው።

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

አራት ጥርስ ሠርታ አንዱም አልተሰነጠቀም። አሁንም ግን ውስጣቸው ወተት ነው። ሚናስ ፍሪጁ ላይ ፎቶውን ለጠፈው፣ የልጅ ሰርተፊኬት ይመስል።

ኦክቶበር 21፣ ማክሰኞ

ሃይማኖትን ተቆጣኋት። ልጽፈው አልፈልግም ነበር።

ወተት የሚመስለው ጥርሱ ውስጥ የቀረ የአየር አረፋ ነው። ምድጃው ሲቃጠል ፓምፑ አየሩን መጥጦ ማውጣት አለበት። ሰባ ሁለት ላይ እንዲሆን ጽፌላታለሁ። ስጠይቃት «ሃምሳ ላይ ነው ያደረግነው» አለችኝ።

«ለምን?»

«ሰባ ሁለት ስናደርገው ማሽኑ እየጠበቀ እየጠበቀ ይቆይና ያቆማል። ሃምሳ ስናደርገው ይሠራል።»

«ታዲያ እኔ የምጽፈውን ካልተከተልሽ ለምንድነው የምደክመው?» አልኳት። «ፓምፑን አስጠግኑ። ቁጥሩ ሰባ ሁለት ነው። እዚህም ሰባ ሁለት ነው፣ ኮሪያም ሰባ ሁለት ነው።»

«እሺ እትዬ» አለች። ፊቷን ወደ ጎን አዞረች። አንድ ጊዜም አልተከራከረችኝም። ብትከራከረኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌላም አንድ ጥርስ ከአሌክሳንድሪያ ተመልሷል። ቢጫ። አምፑሉ ተቀይሯል እኮ።

ኦክቶበር 25፣ ቅዳሜ

ኃይለልዑል በቪዲዮ ደውሎ «አንድ ሰው ላስተዋውቅሽ» አለኝ። አበጀ ይባላል። ክሊኒኩ ፊት ለፊት ፍሪጅ ይጠግናል፣ አምሳ ዓመት ይሆነዋል፣ ቱታው ላይ ዘይት አለ። ሃይማኖት ናት ፓምፑን እንዲያይላት የጠራችው።

«ፓምፑ ጤነኛ ነው እመቤቴ» አለኝ። «ቁጥሩ ነው የማይሆነው። ፍሪጅ ጋዝ ከመሙላታችን በፊት እኛም አየር እንመጥጣለን። የፈረንጁ መመሪያ የሚለው ቁጥር ባሕር ዳር ላይ ደርሶ አያውቅም። አገራችን ከፍታ ነው፣ አየሩ ሲጀመር ስስ ነው። እናንተ ጋ ሰባ ስድስት ያህል አየር አለ፣ እኛ ጋ ያለው ስድሳ አንድ ነው። ከስድሳ አንድ ላይ ሰባ ሁለት ከየት ይመጠጣል?»

እስክሪብቶ አንስቼ ስድሳ አንድ ብዬ ጻፍኩ።

«ሃምሳው ደግሞ አነሰ» አለ። «አረፋው የቀረው ለዚያ ነው። ሃምሳ ሰባት ላይ አድርገነዋል። ፓምፑ እዚያ ይደርሳል።»

ሃይማኖት ጥርሱን ወደ ካሜራው አቀረበችው፣ ከኋላው የእጅ ባትሪ አበራችበት። ብርሃኑ አለፈ። ጥርስ ሆኗል። ሁሉም ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ፣ እኔን እየጠበቁ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ» አልኳት። «ቁጥሩን የጻፍኩት ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብዬ ነው።»

«ምን አጠፉ እትዬ» አለች። አበጀ ሳቀ።

ለሶሊ ደወልኩላት። አበጀ ያለውን ሁሉ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና ጻፈችው። ጥርስ ሠሪዋና ፍሪጅ ጠጋኙ አንድ መንገድ ላይ መሆናቸው ነው ዋናው ነገር አለች። አንዱ ብቻውን ቢሆን አይሆንም ነበር። ይሄን በቻርት ለማሳየት ሁለት ዓመት እንደፈጀባት ነገረችኝ። ደስታዋ ተጋባብኝ። ምሽቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ ልበል፣ አመሸሁ።

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ጥሩ ሳምንት ነበር። ሃይማኖት ለእውነተኛ በሽተኛ የመጀመሪያውን ሠርታ ተገጠመ፤ የጎንደር ባቄላ ነጋዴ ነው፣ በስድስት ቀን አግኝቶ ሄደ።

ዛሬ ግን። የምሠራውን ጥርስ አሳየኋት፣ ከቀለም ናሙናው ጎን አድርጌ። እንድትማር ነው። ወደ ካሜራው ጠጋ ብላ አየችው።

«ምን ታያለሽ?» አልኳት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትንሽ ቢጫ አልበዛበትም?»

«ካሜራው ነው» አልኳት።

«ይሆናል» አለች።

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

ካሜራው ነው።

ኖቬምበር 11፣ ማክሰኞ

ቾይ መስኮቱ ጋ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ አሥራ ስድስቱን የቀለም ናሙናዎች ቁጥራቸውን በፕላስተር ሸፍኖ ደባልቋቸዋል። ከነጣው ወደ ጠቆረው ደርድሪ አለኝ። እኔ የምጀምር ጊዜ ያሠራኝ የነበረ ነው። ሳቅኩና ደረደርኩ። ፕላስተሩን አንድ በአንድ አነሳ።

ሰባቱ ቦታቸው ላይ አልነበሩም።

ጣቱን ወደ ዓይኑ አደረገ። «የኔም እንዲሁ ነበር፣ ከአራት ዓመት በፊት። ሞራ። አሁን ወጥቷል።» ከዚያ ሻይ አፈላልኝ። ቾይ በሃያ አራት ዓመት ሻይ አፍልቶልኝ አያውቅም።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

ለሚናስ ነገርኩት። ጋዜጣውን አጠፈና «ቀጠሮው ለኖቬምበር አሥራ ሰባት ነው» አለኝ።

«የምን ቀጠሮ?»

«የዓይን ሐኪም። በሴፕቴምበር ነው የያዝኩት። እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነበር።»

«ሶሊስ ታውቃለች?»

«እሷ ናት ሐኪሙን ያገኘችው።»

ሁሉም ያውቁ ነበር። ልቆጣ ፈለግኩ፣ አልመጣልኝም። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ዓይኔ ከሄደ የኔ ሥራ የት ነው የሚቀመጠው? እጄ ያለ ዓይኔ ምን ያደርጋል? እነዚህን ሁለት ወራት ስንት ሰው ቢጫ ጥርስ ይዞ ሄዷል?

ሚስ ግሬስ። ዓይን አፋር ናት ብያት ነበር።

ኖቬምበር 17፣ ሰኞ

የሁለቱም ዓይን ሞራ ነው። ኦፕራሲዮኑ ቀላል ነው አለ ሐኪሙ። ቀኙ ዲሴምበር 2፣ ግራው ጃንዋሪ። እስከዚያ ቀለም የሚመርጠው ቾይ ነው፣ እኔ ቅርጹን እሠራለሁ።

ለሃይማኖት ነገርኳት። «ካሜራው አልነበረም» አልኳት። አንገቷን ደፋች። «አውቄ ዝም አልኩ እትዬ። ትልቅ ሰው ማረም ከበደኝ።»

«ሁለተኛ ዝም እንዳትይ» አልኳት። «እኔ ሳላይ የምታይ ሰው ነው የምፈልገው።»

ዲሴምበር 2፣ ማክሰኞ

አልቋል። ሃያ ደቂቃ። ሚናስ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ወንበር ነበር እኮ። ፕላስቲክ ዓይኔ ላይ ተለጥፏል። በግራ ዓይኔ ብቻ እያየሁ ነው የምጽፈው፣ ፊደሉ ጠማማ ነው።

ዲሴምበር 4፣ ሐሙስ

የወጥ ቤቱ ግድግዳ ነጭ ነው። ሚናስን ክሬም ነው ብዬ ስንት ጊዜ ተከራክሬዋለሁ። የሱ ሸሚዝ ሰማያዊ ነው፣ ግራጫ አይደለም። ግራ ዓይኔን ብቻ ከፍቼ ሳይ ሁሉም ሻይ የተደፋበት ይመስላል፤ ቀኙን ስከፍት ይታጠባል። እየከፈትኩ እየዘጋሁ ግማሽ ቀን አሳለፍኩ። ሚናስ አበደች ብሎ ለሶሊ ደወለላት።

ዲሴምበር 5፣ ዓርብ

ለአሌክሳንድሪያዋ ሐኪም ደወልኩ። የሚስ ግሬስ ጥርስ ስህተቱ የኔ እንደሆነ ነገርኳት። «ቅሬታ አላቀረበችም እኮ» አለችኝ።

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የማቀርበው።»

ዲሴምበር 10፣ ረቡዕ

አዲሱን ይዤ ሄድኩ። ሚናስ መኪና ውስጥ ጠበቀኝ። ሚስ ግሬስን ከመቀመጧ በፊት ነገርኳት። ዓይኔ ታሞ ነበር፣ አላወቅኩም፣ አውቄም አልተቀበልኩም፣ አንቺ ላይ ወጣ አልኩ።

«የኔ ጥፋት መስሎኝ ነበር» አለች። «ሰው ብዙ ደክሞ የሠራውን አልወደድኩም ማለት ነውር መሰለኝ። ልጆቹን ሳዘምር እጄን አፌ ላይ ማድረግ ጀምሬያለሁ፤ አንዷ ተማሪ ናት የነገረችኝ።»

አዲሱ ገባ። ሐኪሟ መስታወቱን ልትሰጣት ስትፈልግ እሷ ቀድማ ከኔ ፊት ላይ አነበበችው መሰለኝ፣ ሳታይ ሳቀች። ከዚያ አየች። የትኛው ሰው ሠራሽ እንደሆነ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ራሷ ጠፍቷት ነው።

ሐኪሟ ሸኘችኝ። ቾይ ሲዘጋ ከክሊኒኩ ኋላ ባለችው ትንሽ ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን እንድሠራላት ትፈልጋለች። ከፌብሩዋሪ በኋላ አልኳት። ለምን ከፌብሩዋሪ በኋላ እንዳልኩ የገባኝ መኪናው ውስጥ ነው። ለሚናስ «ዓመት ፈቃድህን መቼ ነው የምትወስደው?» አልኩት። «ባሕር ዳር ለመሄድ ከሆነ ማመልከቻው ገብቷል» አለኝ። ይሄ ሰው ሁልጊዜ ይቀድመኛል።

ዲሴምበር 19፣ ዓርብ

የመጨረሻው ቀን። ቾይ አበባም ኬክም አልፈለገም። ጠረጴዛዎቹን ጠረግን። ሃይማኖት የላከቻቸውን ፎቶዎች በስልኬ አሳየሁት። ጥርሱን እያጎላ ብዙ ቆየ። ሥሩ አካባቢ ያለውን እያሳየ «ይሄ የኔ ነው» አለ። መሃሉን እያሳየ «ይሄ ያንቺ ነው።» ከዚያ ጫፉ ላይ ቆመ። «ይሄን አላውቀውም።»

እኔም አላወቅኩትም። ከታች፣ ጥርሱ በሚያልቅበት ቀጭን ጫፍ ላይ፣ ሰማያዊ የሚመስል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር አለ። እኛ እዚያ ጋ ነጣ እናደርገዋለን።

ቾይ ካፖርቱን ለበሰና «ጠይቂያት» ብሎኝ ወጣ።

ዲሴምበር 28፣ እሑድ

በቪዲዮ ተገናኘን። እሑድ ቢሆንም የባሕር ዳሩ ላብ ክፍት ነው፤ ከገና በዓል በፊት ማለቅ ያለበት ሥራ ከደብረ ታቦርና ከጎንደር መጥቶላቸዋል። ሃይማኖት ጎን አዲስ ልጅ ተቀምጣለች። አብርሆት ትባላለች፣ ሁለት ሳምንቷ ነው። አበጀም እዚያው ነው፣ ሁለተኛ ምድጃ ሊያስተካክል። እዚህ ሶሊ ከኔ ጎን ነበረች፣ ደብተሯን ይዛ።

ሃይማኖት አብርሆትን ስታሠራ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። በፕላስቲክ የተሸፈነውን የኔን ወረቀት ከግድግዳው አውርደውታል። ልጅቷ ስታበላሽ ሃይማኖት ከእጇ ወስዳ ትሠራላትና አጥፍታ ትመልስላታለች። ይሄን አላስተማርኳትም። ስለ ቾይም ነግሬያት አላውቅም።

በመጨረሻ ስለ ጫፉ ጠየቅኳት።

«እሱን እትዬ… ልነግርዎት ፈልጌ ነበር። እዚህ ሰው የሚተያየው ደጅ ነው፣ ፀሐይ ላይ። ክፍል ውስጥ የሚያምረው ጥርስ ደጅ ሲወጣ ኖራ ይመስላል። ስለዚህ ጫፉ ላይ ነጩን አስቀርቼ ብርሃን የሚያሳልፈውን ዱቄት ብቻ በጣም በስሱ አስገባሁ። ፀሐዩ ያልፍበታል። ስህተት ከሆነ እተወዋለሁ።»

ጥርሱን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ስልኩን አበጀ ያዘላት። ፀሐዩ ገባበት። በአዲሱ ዓይኔ አየሁት። ሃያ አራት ዓመት ከሠራሁት ይሻላል። ትንሽ አይደለም የሚሻለው።

ሶሊ በጆሮዬ «ዋት ዲድ ሺ ሴይ?» አለችኝ። ቆይ አልኳት።

«ስህተት አይደለም» አልኳት ሃይማኖትን። «እኔ አልችለውም። አሁን ቁጭ በይና አንዱን ከመጀመሪያው ሥሪልኝ። ቀስ ብለሽ።»

«ቀስ ስለው ይበላሽብኛል» አለችኝ።

«እንግዲያው እንደ ልማድሽ ሥሪው፣ ደጋግመሽ።»

አበጀ ስልኩን ከእጇ አጠገብ አቆመው። ሶሊ ወንበሯን አስጠጋች። ሃይማኖት ብሩሹን ነከረች፣ እኔም መነጽሬን ጠርጌ ማየት ጀመርኩ።